ማንደፍሮ የተባለው ጭላዳ

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት፣ በገደሉ አፋፍ ላይ፤ ለጥናት ጭላዳ ዝንጀሮዎችን የሚቆጥረው ሽማግሌ ዘውገ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ እኩያውና ጎረቤቱ ማንደፍሮ በትር ይዞ ከበላዩ ቆሟል።

ማንደፍሮ፦ ሰርዘው ብዬሃለሁ!

ዘውገ፦ አይሰረዝም አልኩህ።

ማንደፍሮ፦ ስሙ የማን ነው? የእኔ አይደለም?

ዘውገ፦ የአንተ ነው።

ማንደፍሮ፦ እንግዲያው ባለቤቱ ሰርዝ ሲል ትሰርዛለህ።

ዘውገ፦ ስሙ የአንተ፣ ደብተሩ የጥናቱ። ሰዓት፣ ስም፣ ያደረገው ነገር። በቀለም ይጻፋል፣ አይፋቅም። ዶክተሯ የቀጠረችኝ ቀን ያስማለችኝ ይህንኑ ነው። አሁን ቁጭ በል። ስትቆም ይደነግጣሉ።

ማንደፍሮ፦ እነሱ እንዳይደነግጡ! እኔ ግን ትናንት ቀበሌው በሙሉ በተሰበሰበበት ልደንግጥ!

ዘውገ፦ ሰማሁ።

ማንደፍሮ፦ መስማት ሌላ፣ መቀመጥ ሌላ። ያቺ ዶክተርህ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንሶላ ሰቀለች። ከሳጥን ብርሃን አወጣች። አንድ ጠጉሩ የተበጣጠሰ ሽማግሌ ዝንጀሮ አንሶላውን ሞላው። «ይህ ማንደፍሮ ይባላል» አለች። «ማንደፍሮ ስምንት ሚስቶች ነበሩት፤ አምና ታዬ የሚባል ወጣት መጣና ደብድቦ ስምንቱንም ወሰደበት» አለች።

ዘውገ፦ ሰባቱን ነው። አንዷ ቀድማ ሞታለች።

ማንደፍሮ፦ ዘውገ!

ዘውገ፦ ትክክሉን ነው የነገርኩህ።

ማንደፍሮ፦ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ወደ ታዬ ዞረ። አምና የእድሩን ዳኝነት የነጠቀኝ ታዬ ከኋላዬ ነው የተቀመጠው። ቄሱ ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ዘውገ፦ ስም ያወጣሁት ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ አንተ ዳኛ ነበርክ፣ ታዬ እድር አልገባም ነበር። ዝንጀሮው ነው የተቀደመው... አይደለም፣ እናንተ ናችሁ የተቀደማችሁት።

ማንደፍሮ፦ በዝንጀሮ ተቀደምኩ?

ዘውገ፦ በአራት ወር። እሱ ሚስቶቹን በተነጠቀ በአራተኛው ወር ነው አንተ ዳኝነቱን የተነጠቅከው። ደብተሩ ላይ አለ።

ማንደፍሮ፦ ስማ። እሁድ ሽማግሌ እሰበስባለሁ። ስሜን አጉድፏል ብዬ እከስሃለሁ። ወይ ዛሬ ትፍቀዋለህ፣ ወይ እሁድ ዛፉ ሥር ትቆማለህ።

ዘውገ፦ «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ። እሾሁ ብዙ ነው ማንደፍሮ። ከየትኛው እንጀምር?

ማንደፍሮ፦ ተረትም ከእነሱ ሆነ የምትበደረው! ለመሆኑ ሌላ ስም ጠፍቶ ነው? ቦራ በለው፣ ዳልቻ በለው። የበሬ ስም ሞልቶ!

ዘውገ፦ «የማትረሳውን ስም ስጣቸው» አለችኝ ዶክተሯ። መቶ አርባ ናቸው። መቶ አርባ የማልረሳው ስም ከየት ላምጣ? መንደሩን ከላይ ቤት እስከ ታች ቤት ጠራሁት። ደብተሩ ባሕር ማዶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ተመልሶ አንሶላ ላይ ይወጣል ብሎ ማን ጠረጠረ?

ማንደፍሮ፦ የራስህን ስም ለማን ሰጠህ?

ዘውገ፦ ለማንም። ራሴን አላይም። የማላየውን አልጽፍም።

ማንደፍሮ፦ ብልጥ! የሰውን ቤት ግን...

ዘውገ፦ ያቺን ታያለህ? ድንጋዩ ላይ ሆና ሁሉንም በዓይኗ የምትነዳው። አስካለ ናት።

ማንደፍሮ፦ ሚስትህን!

ዘውገ፦ ነገርኳት። «ባሌ ማን ነው?» አለችኝ። ማንደፍሮ ስላት «ከአንተ ይሻላል» አለች።

ማንደፍሮ፦ አስካለ እንዲህ አለች? ኧረ... አታስቀኝ። ተቆጥቻለሁ።

ዘውገ፦ አውቃለሁ። ከንፈርህ ተገልብጧል።

ማንደፍሮ፦ ምን ሆነ?

ዘውገ፦ የላይኛው። ያ ዝንጀሮም ሲቆጣ እንደዚያ አፍንጫው ላይ ያወጣዋል። ስሙን ያገኘው በዚያ ነው።

ማንደፍሮ፦ እንግዲያው ሰው ከዝንጀሮ መጣ የምትለው ነገር እውነት ነዋ! ቄሱ ይስሙህ!

ዘውገ፦ ከዝንጀሮ መጣ አላልኩም። ዶክተሯም አላለች። ሰባት ቤት መቁጠር ታውቃለህ?

ማንደፍሮ፦ እኔን ነው የምትጠይቀው? ስንቱን ጋብቻ ያስቀረሁ ሰው! የታዬን እጮኛ አምስተኛ ቤት ላይ ይዤ «እህትህ ናት» ያልኩት ማን ሆነና?

ዘውገ፦ ዳኝነቱንም ለዚያ ነው የነጠቀህ።

ማንደፍሮ፦ ወደ ነገርህ ግባ።

ዘውገ፦ አንተ ሰባት ቆጥረህ ታቆማለህ። እነሱ አያቆሙም። ሺህ ቤት ቁጠር። ከዚያ ሺህ ጊዜ ሺህ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። እኛም የእሱ ነን፣ እነዚህም የእሱ። እሱ ራሱ ሰውም አይደለም፣ ጭላዳም አይደለም። እነዚህ የሩቅ ቤት ናቸው። የሚቀርቡን ጭራ የላቸውም፤ በሌላ አገር ጫካ ነው ያሉት።

ማንደፍሮ፦ የሽማግሌው ስም ማን ነው?

ዘውገ፦ ስም አልነበረውም።

ማንደፍሮ፦ ስሙ ያልታወቀ አያት አይቆጠርም። ይግባኝ እላለሁ።

ዘውገ፦ ለዶክተሯ በላት።

ማንደፍሮ፦ ቆይ፣ ቆይ። ዘመድ ከሆኑ ርስት ሊካፈሉ ነዋ!

ዘውገ፦ በየዓመቱ ገብስህን የሚበሉት ምን መስሎህ ነው? ድርሻቸውን ነው።

ማንደፍሮ፦ ያለ ሽማግሌ? ያለ ምስክር? በል እመንልህ፣ ይህ የእኛ ዘር ጠባይ ነው። ግን ጠዋት ሙሉ ምን ሲሠሩ ታያለህ? ሣር ሲግጡ?

ዘውገ፦ ከገደሉ ሲወጡ አይበሉም። መጀመሪያ ፀሐይ እየሞቁ ጠጉር ይለቃቀማሉ። ያወራሉ።

ማንደፍሮ፦ ስለ ምን?

ዘውገ፦ አላውቅም። እንደ እድር ስብሰባ ነው። ድምፅ ብዙ፣ ውሳኔ የለም።

ማንደፍሮ፦ ጸሐፊስ አላቸው?

ዘውገ፦ እኔ አለሁ።

ማንደፍሮ፦ ጉድ ነው! ስድስት ዓመት ሙሉ ሳላነጋግርህ ኖሬ በዝንጀሮ ምክንያት አፌን ፈታሁ።

ዘውገ፦ ስድስት ዓመት ከአምስት ወር።

ማንደፍሮ፦ ይህንንም ጽፈኸዋል?

ዘውገ፦ ይህን ሳልጽፍ ነው የቆጠርኩት።

ማንደፍሮ፦ እሺ። የቆጠርክ ከሆነ መልስ። ልጅህን በክንዴ ይዤ ያሳደግኩ ማን ነኝ?

ዘውገ፦ አንተ ነህ።

ማንደፍሮ፦ ስትዳር ሊመርቃት የሚገባው ማን ነበር?

ዘውገ፦ አንተ።

ማንደፍሮ፦ ማን መረቃት?

ዘውገ፦ የሙሽራው አጎት።

ማንደፍሮ፦ ስሟን ያውቅ ነበር?

ዘውገ፦ በእናቷ ስም ነው የመረቃት።

ማንደፍሮ፦ አስካለን ደግሞ ዳራት! እኔ ቆሜያለሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌያለሁ። ሰው ጸጥ ብሏል። ያን ጊዜ እጅህን ትከሻዬ ላይ አድርገህ አስቀመጥከኝ። እዚህ ጋ። እጅህ እስከ ዛሬ እዚህ ጋ አለች።

ዘውገ፦ አውቃለሁ።

ማንደፍሮ፦ ታዲያ ለምን?

ዘውገ፦ ሰውየው ሹም ነበር። በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ተነሣ። ፈራሁት። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ እዚህ ተቀምጬ ነው። እነዚህም ደረቱ የቀላውን ሲያዩ ቦታ ይለቃሉ። እኔ የራሴን ሳይሆን የአንተን ቦታ ለቀቅኩለት።

ማንደፍሮ፦ ይቅርታ መጠየቅህ ነው ወይስ ትምህርት እየሰጠኸኝ ነው?

ዘውገ፦ ይቅርታውን ጀምሬዋለሁ። ብታስጨርሰኝ...

ማንደፍሮ፦ ምን ሆኑ? ምንድን ነው ይህ ጩኸት?

ዘውገ፦ ውሻ ነው። ከታች መንደር የወጣ። ተቀመጥ! በትሩን ዝቅ አድርግ።

ማንደፍሮ፦ ግልገሎቹ ሜዳው ላይ ቀሩ እኮ! ታዬ የት አለ?

ዘውገ፦ ገደሉን ወርዷል። የመጀመሪያው እሱ ነው።

ማንደፍሮ፦ አላልኩም? አላልኩም? ያ ማን ነው ደግሞ ወደ ውሻው የሚሄደው?

ዘውገ፦ አንተ ነህ።

ማንደፍሮ፦ እኔ?

ዘውገ፦ ማንደፍሮ ነው። ሚስቶቹን ሲነጠቅ አኩርፎ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። እዚያው ጥግ ይዞ ልጆቹን ይጠብቃል።

ማንደፍሮ፦ ብቻውን ነው እኮ! አንድ እግሩም ያነክሳል። በለው! አይዞህ! ጥርስህን አሳየው!

ዘውገ፦ ዝም በል። ጥናቱን ታበላሻለህ።

ማንደፍሮ፦ ጥናትህ ገደል ይግባ! ስሜን ይዞ ሊሸሽ ነው? ከንፈርህን ገልብጥበት! እንዲያ ነው! ግፋ! እሰይ! ዞረ! ውሻው ዞረ! አየኸው?

ዘውገ፦ አየሁት።

ማንደፍሮ፦ ታዲያ ጻፈዋ!

ዘውገ፦ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ማንደፍሮ። ውሻ አባረረ።

ማንደፍሮ፦ «ብቻውን» በል።

ዘውገ፦ ብቻውን።

ማንደፍሮ፦ «ታዬ ሲሸሽ» ብለህ ጨምር።

ዘውገ፦ የታዬ በራሱ መስመር ተጽፏል።

ማንደፍሮ፦ ጎሽ! ይህን ደግሞ አንሶላ ላይ ታውጣልኝ። ቄሱ ከፊት ይቀመጡ። አሁን ወደ እሱ የምትመጣው ማን ናት?

ዘውገ፦ አስካለ።

ማንደፍሮ፦ ምን ልታደርገው ነው?

ዘውገ፦ እይ።

ማንደፍሮ፦ ከኋላው ተቀመጠች። ጀርባውን... ዘውገ፣ ሚስትህ ጀርባዬን እየለቀመች ነው!

ዘውገ፦ አልቀናም። አምና ታዬ ሲመጣ መጀመሪያ ጀርባዋን የሰጠችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ አልነካችውም። ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።

ማንደፍሮ፦ ቅማል አይታበት ይሆናል።

ዘውገ፦ ቅማል ባይኖርም ይለቅማሉ። ይቅርታ የሚሉበት አፍ የላቸውም። እጅ አላቸው።

ማንደፍሮ፦ በቃ? ሽማግሌ አይቀመጥ? ካሣ አይቆረጥ?

ዘውገ፦ የለም። ይለቅማሉ፣ ያበቃል።

ማንደፍሮ፦ እሱስ እንዲሁ ዝም? አንገቱን ሲያቀና ተመልከተው። ዓይኑንም ጨፈነ! ወይ ክብር አለማወቅ! እኔ ብሆን ቢያንስ ሦስት ቀን አስለምናት ነበር።

ዘውገ፦ አንተማ ስድስት ዓመት ከአምስት ወር አስለመንክ።

ማንደፍሮ፦ ማን ለመነኝ? አንተ መቼ መጣህ?

ዘውገ፦ አልመጣሁም። ልክ ነህ። ደጅህ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቼ አጥሩን አይቼ ተመለስኩ። ከንፈሩ ነው ያልኩህም ውሸት ነው።

ማንደፍሮ፦ የቱ ከንፈር?

ዘውገ፦ ስሙን የሰጠሁት በከንፈሩ አይደለም። ከተቆራረጥን በኋላ ስምህን የምጠራበት ቦታ አጣሁ። እድር ላይ ባነሣህ ሰው ፊቱን ያዞራል። ቤት ባነሣህ አስካለ «ሂድና ታረቀው» ትለኛለች። እዚህ ማንም የለም። ማንደፍሮ በላ። ማንደፍሮ ተነሣ። ማንደፍሮ ፀሐይ ሞቀ። በቀን አሥር ጊዜ እጠራህ ነበር።

ማንደፍሮ፦ አምስት ዓመት ሙሉ?

ዘውገ፦ ከእሁድ በቀር።

ማንደፍሮ፦ ሞኝ። የሞኝ ጥግ! ከአጥር ማዶ ያለ ሰው ለመጥራት ገደል አፋፍ ድረስ ይወጣል? ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ አትወዛወዝ።

ዘውገ፦ ምን አደረግኩ?

ማንደፍሮ፦ ጋቢህ በጭጎጎት ተሞልቷል። ጀርባህን የሚያይልህ ሰው የለም? እንዲህ ሆነህ ነው ከዶክተር ጋር የምትውለው?

ዘውገ፦ ጀርባዬ ዓይን የለውም።

ማንደፍሮ፦ ወዲህ ዙር። ይህ ደግሞ... እሾህ ነው፣ ቻል። ወጣ። ከአንገትህ ሥር ሌላ አለ። አሁን ምን ትጽፋለህ?

ዘውገ፦ ሥራዬን።

ማንደፍሮ፦ አንብበው።

ዘውገ፦ «ሦስት ሰዓት ከአርባ። ሽማግሌ ወንድ። ስድስት ዓመት ከአምስት ወር ርቆ ቆይቶ መጣ። በአፉ ተቆጣ። በእጁ የባልንጀራውን ጀርባ ለቀመ።»

ማንደፍሮ፦ ደፋር! ይህን አንሶላ ላይ ልታወጣው!

ዘውገ፦ ገና አላለቀም። ስም ይቀረዋል። ያለ ስም አይገባም። አንተ ደግሞ ስሜን ሰርዝ ብለሃል። ማንደፍሮ ብዬ ብጽፈውም ዶክተሯ ያኛው ይመስላታል። ባዶ ልተወው?

ማንደፍሮ፦ በቀለም ጻፈው። ከነአባቴ ስም።