የሸዋገነት የእሁድ ወጥ

ካህናት አባቶች፣ እናቶች፣ የባኬ ጃማ ሰፈር ጎረቤቶች፣ አብረናት ያስተማርን መምህራን፤ በዚህ ዝናብ ቆማችሁ ስለሸኛችኋት እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ድርቤ ነኝ። ከሸዋገነት ጋር ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት አስተምሬአለሁ።

ሸዋገነት የወሎ ልጅ ናት። ደሴ ተወልዳ፣ ነቀምቴ ተመደበች፤ እዚሁ ቀረች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ከደሴ የሚመጣ አንድ ነገር ግን ከቤቷ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሱቅ ውስጥ ቤይ ሊፍ የሚሉት ደረቅ ቅጠል። እናቷ የሆቴል ምግብ አብሳይ ነበሩ። ከሆቴሉ ግቢ ቀንጥሰው፣ ጥላ ላይ አድርቀው፣ በአውቶቡስ ይልኩላታል። ለምስሩም፣ ለሥጋውም፣ ለሩዙም ሁለት ቅጠል ጣል ታደርጋለች። «ከሁለት ካለፈ ይመራል» ትለኝ ነበር።

ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ የተዘጋበትን ዓመት ታስታውሳላችሁ? በዚያ ዓመት እናቷ ሞቱ። መሄድ አልቻለችም። በሦስተኛው ቀን ድስት በፎጣ ጠቅልላ ደጄ ላይ ቆመች።

«ድርቤ፣ እናቴን ያለእኔ ቀበሯት። የእሷን ወጥ ሠራሁ። ብቻዬን ስበላው አልወርድ አለኝ።»

ገበታ ቀረብን። ባለቤቴ ኢዶሳ ቅጠሉ ለሽታ ብቻ እንደሚገባ አያውቅም። እንዳይከፋት ብሎ አኝኮ፣ አኝኮ ዋጠው። አይታው ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ መጣ። ከዚያ ማቆም አቃታት።

ከዚያስ? ከዚያ እኛ ከባኬ ጃማ ለቀን ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቤት ሠርተን ገባን። ቡርቃ ጃቶ ሩቅ ነው? በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው? «በሚመጣው እሁድ እመጣለሁ» አልኳት። ስንት እሁድ አለፈ? እሷ ጡረታ ወጣች። ስደውል «ደህና ነኝ፣ አንቺ ልጆችሽን አሳድጊ» ትለኛለች። ደህና ናት ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።

ባለፈው እሁድ አከራይዋ ኦቦ ዋቅወያ ደወሉልኝ። እዚህ ቆመዋል፣ ይመስክሩ።

«አዴ ድርቤ፣ ሸዋገነት ሆስፒታል ገብታለች» አሉኝ። «እሁድ እሁድ ወጥ ስትሠራ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍት ነበር። ለምን ብላት፣ ‹ሽታው ሰው ያመጣልኝ እንደሆነ› አለችኝ። እኔም አንዳንዴ ገብቻለሁ። የምትጠብቀው ግን እኔን አልነበረም።»

ማንን ነበር የምትጠብቀው? አውቃለሁ። አልመጣሁም።

ሾርባ ሠርቼ ሆስፒታል ወሰድኩላት። አንድ ማንኪያ ቀመሰች።

«ቅጠሉ የለበትም» አለች።

ረስቼው ነበር። «ቤት ሄጄ እንደገና ልሥራው» ብዬ ስነሣ እጄን ያዘች።

«ተይው፣ ድርቤ። አትሂጂ።»

ሾርባውን ጨረሰችው። ያን ቀን አልሄድኩም። በማግሥቱም አልሄድኩም። ማክሰኞ ጠዋት አጠገቧ እንዳለሁ አረፈች።

ሸዋዬ፣ ወንድምሽ ጫንያለው ከደሴ ተነሥቷል፤ ገና መንገድ ላይ ነው። አልደረሰልሽም። ቅድም ካህኑ «ዘመዷ ማነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ዘመድ እንዲህ ይዘገያል ወይ ትዪኝ ይሆናል። ይቅር በዪኝ።

የመጀመሪያውን አፈር እኔ አለብስሻለሁ። ነጋቲ፣ ኦቦሌቲ ኮ። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።