ጥቁር ገብስና የአባቷ ስም

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንድ ገበሬ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴትዮ ያወሩላታል፤ እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ እሰማለሁ።

«ልጄ ኮሌጅ በጻፈችው ወረቀት ላይ ስሜ አለ።»

«ምን አድርገው ነው ጋሼ?»

«እኔም ተከሰስኩ ብዬ ደንግጬ ነበር! ለካ ጥቁር ገብስ ውርጭን እንዴት እንደሚችል የነገርኳትን ጽፋ፣ መጨረሻው ላይ ‹ይህን የነገረኝ አባቴ ነው› ብላ ስሜን አስገብታለች።»

«መምህሩስ?»

«‹ምንጭ ማለት መጽሐፍ ነው፤ አውጪው፣ አለዚያ ማርክ እቀንሳለሁ› አላት።»

«ታዲያ አወጣችው?»

«የኔ ልጅ? ‹የሰው እውቀት የኔ ነው አልልም፣ ይቀንሱ!› አለችው።»

«ቀነሰ?»

«አምስት ቀነሰባት። ስሜ ግን እዚያው አለ!»

እኔ እስክወርድ ድረስ፣ ትምህርት ቤት ሳለሁ በጻፍኳቸው ወረቀቶች ላይ ስማቸውን የዘለልኳቸውን ሰዎች በጣቴ ስቆጥር ነበር።