ለቢሮ ጥላ፣ ለመንገድ መስታወት

አርክቴክቷ ቢሊሴ በዚያ ቀን ልታገኛቸው የማትፈልጋቸው ሰው ቢኖሩ ቤት የምትነድፍላቸው ሽማግሌ ኦቦ ገርባ ነበሩ። የቤታቸውን ፕላን የግንባታ ፈቃድ ቢሮው ስለመለሰባት፣ ነገሩን በማግስቱ ረጋ ብላ ልትነግራቸው አስባ ነበር። ዳሩ ምን ያደርጋል፤ ከጎረቤታቸው ከነጋዴው ኑሬ ባለመስታወት ሕንፃ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ ልጄ። ፈቃዱ ወጣ?»

«አልወጣም፣ ኦቦ። የምዕራቡ ግድግዳ በሙሉ መስታወት ነው፤ ፀሐይ የሚከልል ጥላም የለውም። የኃይል ቁጠባ መስፈርቱን አያሟላም አሉ። እኔም አስቀድሜ ነግሬዎት ነበር።»

ኦቦ ገርባ ሳቅ አሉ። «ታዲያ ምን ቸገረሽ? ለቢሮው ጥላ ሳዪበትና ፈርሚበት። ስንገነባ መስታወት እናደርገዋለን። ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።»

ቢሊሴ ደሟ ፈላ። እውነትም ብዙው ሰው እንዲህ ነው፤ ወረቀት ላይ ጥላ ያስልና መሬት ላይ ምድጃ ይገነባል። ለውሸት ብትፈርም የሙያ ፈቃዷን ታጣለች፤ እምቢ ብትል ሽማግሌው ሌላ ፈራሚ አያጡም። ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን የባለቤታቸው የእትዬ ዘርፉ ነገር ነበር። ደም ግፊት አለባቸው፤ ሙቀት ሲበረታ ይጥላቸዋል።

«እትዬ ዘርፉን የት ሊያስተኙ ነው?»

«ፎቁ ላይ ነዋ፣ መንገዱን እያየች። ከሞቃት ኤሲ እናስገባለን።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ጠፍቶ ይቀራል እንዴ? ይመጣል።»

ምክሯ ሁሉ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነባት። «እንግዲያው ኑሬን እንጠይቀው» አለች።

ኑሬ ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ደጅ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ በካርቶን ያራግባል።

«ሱቅህን ለማን ጥለህ ነው?» አሉ ኦቦ ገርባ።

«ለፀሐይ። ከሰባት ሰዓት በኋላ የሷ ነው።»

ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው አዩ። ያንን ሁሉ መስታወት ወፍራም መጋረጃ ጋርዶታል፤ በጠራራ ፀሐይ አምፖል በርቷል።

«መስታወቱን ያስገባሁት ሰው እንዲያይልኝ ነበር» አለ ኑሬ። «መጋረጃውን የሰቀልኩት ፀሐይ እንዳታየኝ ነው። እናቴ እንኳ ስትመጣ እዚሁ ዛፍ ሥር ነው የማስቀምጣት።»

ኦቦ ገርባ ወደ ቢሊሴ ዞሩ። «ዘርፉ ከፎቅ ወርዳ ዛፍ ሥር ልትቀመጥ አትችልም» አሉ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

«የምዕራቡን ጎን የግንብ ግድግዳ እናድርገው፤ መስኮቱ ይነስ፣ ከላዩ ጥላ ይውጣ። ሰፋፊዎቹን መስኮቶች በሰሜንና በደቡብ ትይዩ እንክፈት፤ ነፋስ ገብቶ ይወጣል። ቀን አምፖል አያስፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም እትዬ ዘርፉ አይታፈኑም። መንገዱን ከፎቁ በረንዳ ጥላ ሥር ሆነው ያዩታል። ግን የተሳለው ይገነባል?»

«የተሳለው ይገነባል።»

ተገነባም። ቤቱ ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ቢሊሴ በዚያ ስታልፍ፣ ኦቦ ገርባ ባለመስታወት ቤት መሥራት ያማረውን ጎረቤታቸውን መርዳሳን ደጅ አቁመው ይመክራሉ።

«ለቢሮ ጥላ ስሎ ለራስ ምድጃ መሥራት ምን የሚሉት ሞኝነት ነው? እኔ ድሮም ይህን ስል ነበር።»

ቢሊሴ ልትመልስላቸው አፏን ከፈተች። ቀና ስትል ግን እትዬ ዘርፉን በረንዳው ላይ አየቻቸው፤ በዚያ በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ጥላው ሥር እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ቃሏን ዋጥ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።