ያልተሰቀለው መረብ

የአቶ ገብረ መድህን ሀብተ ማርያምን አስከሬን ለመሸኘት ከጢቾ፣ ከሲሬ፣ ከዴራና ከዚሁ ከአሰላ የተሰበሰባችሁ ወገኖች ሆይ፣ ሟቹ ስለ ራሳቸው ሲወራ መስማት የማይወዱ ሰው ስለ ነበሩ በሕይወት ሳሉ ያልነገርናችሁን ዛሬ፣ ሊያስቆሙን በማይችሉበት ቀን፣ እንድናነብላችሁ ባለቤታቸው ፈቅደውልናል።

አቶ ገብረ መድህን ከአባታቸው ከአቶ ሀብተ ማርያም ወልደ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰፋች በ1927 ዓ.ም. በጢቾ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ከዚያም ወደ አሰላ መጥተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ1953 ዓ.ም. የሲሬዋን ወይዘሮ ጠጂቱ ኢታናን በሕግ አግብተው ሴት ልጃቸውን ፋናዬንና ወንድ ልጃቸውን ዳባን አፈሩ፤ ዳባን ስም ያወጡለት የእናቱ አባት አቶ ኢታና ሲሆኑ፣ ልጁም ያደገው ሲሬ ውስጥ በእሳቸው እጅ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ቀበሌው ዕቃ የማይጠፋበት ሰው ፈልጎ የወጣቶች መዝናኛ ክበብ ኃላፊ አደረጋቸው። የተረከቡት ዕቃ የሚያፈስ አንድ ክፍል፣ እግሩ የተሰበረ የጠረጴዛ ቴኒስና የተነፈሰች አንዲት ኳስ ሲሆን፣ ኳሷን በየሳምንቱ ጎሚስታው ሁሴኖ ዘንድ እየወሰዱ ያስነፉ ነበር። ራሳቸው ጨዋታ አያውቁም፤ አንድ ቀን ተጫዋች ጎድሎ ቢገቡ የመጀመሪያዋን ኳስ በመነጽራቸው ተቀብለዋት ወጥተዋል። ሰው ማስተዳደር ግን ያውቁ ነበርና የጨዋታውን ሰዓት ቅዳሴንም ሶላትንም እንዳይነካ አድርገው ደለደሉ፣ ሴት ልጆችም እንዲጫወቱ በየደጁ እየዞሩ ወላጅ ለመኑ፣ የተሸነፈ ቡድን ሜዳ እንዲጠርግ ደነገጉ። ዛሬ እዚህ ከቆምነው ብዙዎቻችን ያንን ሜዳ ጠርገናል።

ከሕጎቻቸው ሁሉ የጸናው የመረቡ ሕግ ነበር። ከጭላሎ ግርጌ ሳይቀር ጭቃ እያቦካ መጥቶ በዝናብ ምክንያት ሳይጫወት የሚመለሰው ልጅ ቢያሳዝናቸው፣ ወይዘሮ ጠጂቱ በቃጫ የሠሩት የመረብ ኳስ መረብ ከተሰቀለ ጨዋታ አለ፣ ካልተሰቀለ ግን ነጋሪት ቢጎሰምም የለም ብለው ወሰኑ። ሜዳው ከፍታ ላይ ስለ ነበር ቋሚዎቹ ከሩቅ ይታዩ ነበርና ሁላችንም ከባሕር ዛፉ ጥግ አይተን እንመጣለን ወይም እንመለሳለን።

በ1977 ዓ.ም. ጥር ወር የዋንጫ ጨዋታ አሰናድተው፣ ልጃቸው ዳባ መጥቶ እንዲያይ ወደ ሲሬ ገበያ ለምትወርደው ነጋዴ ለወይዘሮ ዙቤዳ መልእክት ሰጡ። ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው ዓርብ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር አስጠርተው ለብሔራዊ ውትድርና አርባ ወጣት እንደ ጎደለ፣ እሑድ ሜዳው እንደሚከበብ፣ እሳቸውም ወጣቱን በድምፅ ማጉያ እንዲጠሩ፣ ምስጢሩ ቢወጣ ግን አንገታቸው እንደሚጠየቅ ነገሯቸው። እሺ ብለው ወጡ። ቅዳሜ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መካከል ሆነው በአማርኛም በኦሮምኛም እየለፈፉ ሲዞሩ የወይዘሮ ዙቤዳን ሱቅ ሲያዩ ነው የላኩት መልእክት ትዝ ያላቸው። ልፈፋቸውን አቋረጡ፤ ጠባቂዎቹ ጉሮሯቸው የደረቀ መስሏቸው ውኃ ሰጧቸው። በቀን አንድ ጊዜ የምትሄደው የሲሬ መኪና ያን ጊዜ ወጥታ ነበር።

እሑድ መረቡን በከረጢት ይዘው ከሜዳው ዳር ቆሙ እንጂ አልሰቀሉትም። እኛ ልፈፋውን ሰምተን በሁለት በሦስት እየሆንን መጣን፣ ባዶውን ቋሚ አየን፣ ወደ ባሕር ዛፉም ተመለስን። ሊቀ መንበሩ ነገሩ ግራ ገብቷቸው ሲቁነጠነጡ አንድ ወጣት አያቱ የላኩትን ማር በቅል አንጠልጥሎ ሜዳውን እየሰነጠቀ መጣ። ዳባ ነበር። የከተማውን ልጅ ሁሉ የመረቡን ሕግ ያስተማሩት አባት ለገዛ ልጃቸው አልነገሩትም ነበር።

ኋላ እንደ ሰማነው፣ ዳባ እንደ ተያዘ ከጠባቂዎቹ አንዱ የመረቡን ነገር ለሊቀ መንበሩ ሹክ አላቸው። እሳቸውም ጠጋ ብለው፣ «ጋሽ ገብረ መድህን፣ መረቡን ይስቀሉና ልጅዎን ይዘው ቤትዎ ይግቡ» አሉ። አቶ ገብረ መድህን መረቡን ከከረጢቱ አወጡ፣ ገመዱን ፈቱ፣ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። እኛ ከዛፉ ጀርባ ሆነን እናይ ነበር። ከዚያም መረቡን መልሰው እያጠፉ፣ «ተቀዷል፤ አይሰቀልም» አሉ። ዳባ ቅሉን በእግራቸው ሥር አስቀምጦ፣ «አባባ፣ እማዬን አይዞሽ ይበሉልኝ» ብሎ ሄደ። እሳቸውም አራት ወር ታስረው ከክበቡ ተባረሩ።

ከእስር ሲወጡ ወይዘሮ ጠጂቱ እህል ውኃ ያቀርባሉ እንጂ ዓመት ሙሉ አላናገሯቸውም፤ በእናት ማን ይፈርዳል? እኛም ቀና ብለን ልናያቸው እንፈራ ነበር። በኋላ ከሰሜን ጦር ግንባር የመጣው የዳባ የመጀመሪያ ደብዳቤ፣ የመረቡን ሕግ አብረውት ከዘመቱ የአሰላ ልጆች እንደ ሰማና አባቱ ደግ እንዳደረጉ ይናገር ነበር። ያን ቀን ወይዘሮ ጠጂቱ መረቡን አውጥተው ቋጠሮውን አንድ በአንድ ቢመረምሩ አንድም የተቀደደ ቦታ አላገኙበትም፤ ከባለቤታቸው ጎን ተቀምጠውም አብረው አለቀሱ። ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

ባለፈው ግንቦት መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ በየመንገዱ ሲመለስ፣ አቶ ገብረ መድህን የስኳር በሽታ እግራቸውን ይዞት እያለ በምርኩዝ ተደግፈው መኪና ተራ ላይ እየቆሙ የወረደውን ሁሉ ስለ ዳባ ይጠይቁ ነበር። ሕመሙ ጸንቶባቸው ኅዳር 3 ቀን 1984 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

ይህን ጽሑፍ ትናንት ስናዘጋጅ የዳባን ስም ከየትኛው ወገን እንደምናገባው ተቸግረን ቦታውን ክፍት ትተነው ነበር። ወይዘሮ ጠጂቱ ግን «ካሉት ጋር ጻፉት» አሉን። ስለዚህ አቶ ገብረ መድህን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጠጂቱ ኢታናን፣ ልጃቸውን ፋናዬ ገብረ መድህንን፣ ልጃቸውን ዳባ ገብረ መድህንን፣ እንዲሁም ያን እሑድ ከባሕር ዛፉ ጥግ የተመለስነውን ሁላችንን ትተውን ሄደዋል። አርባቸው ከወጣ በኋላ በሚውለው እሑድ፣ በወይዘሮ ጠጂቱ ትእዛዝ፣ መረቡ በቀድሞው ሜዳ ይሰቀላል፤ ዳባም አሁን ሕጉን ያውቃልና እስኪመጣ ድረስ አይወርድም።

የአባቶቻችን አምላክ የአገልጋዩን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለሚጠብቁትም ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።