በኮት የተጠቀለለው ፕሮቲን
ከልደታ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንዲት የማስተርስ ተማሪ የበረዶ ሳጥን ታቅፋ ከአንድ አዛውንት አጠገብ ተቀምጣለች።

«ዓሣ ነው ልጄ?»

«አይ አባባ፣ ፕሮቲን ነው። የሦስት ወር ልፋቴ። ላብራቶሪ ሳልደርስ በረዶው እየሟሟብኝ ነው። ከሞቀ ቅርጹ ይፈታል፣ ሥራውንም ያቆማል።»

«እንደ ተቀቀለ እንቁላል?»

«ልክ ነዎት! ተመልሶ ጥሬ አይሆንም።»

«በይ በኮቴ እንጠቅልለው።»

«ኧረ አባባ፣ ኮቱ ያሞቀዋል!»

«ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ! ኮት ሙቀት ያግዳል እንጂ አይፈጥርም። አንቺ ፕሮቲንሽን አጥኚ።»

ሳቀችና ሳጥኑን በኮቱ ጠቀለሉት።

«ሰንጋ ተራ ደረስን አባባ፣ እዚህ እወርዳለሁ ብለው ነበር። ኮትዎን ልፍታው?»

«እንዳትነኪው! ሜክሲኮ አድርሼሽ በእግሬ እመለሳለሁ።»

እኔም ሰንጋ ተራ ወራጅ ነበርኩ፤ ሳልወርድ አብሬያቸው ወደ ሜክሲኮ ቀጠልኩ።