የሐዘን ድንኳን በዩኒቨርሲቲው በር

ደርግን ሸሽተው ናይሮቢ የከተሙት አቶ ክፍለማርያም ከኪሊማኒ ሰፈር በማታቱ ታክሲ ወደ ዌስትላንድስ ሲጓዙ መንገድ ተዘጋና ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ተማሪዎች ከጽዳት ሴቶች ጋር ተቀምጠዋል። መካከላቸው ቆማ የምትናገረው ደግሞ እንደ ልጃቸው ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ ሃረጉ ሆና ተገኘች። ሽማግሌው የስደተኞቹ እድር ዳኛ ናቸው፤ ሲጨንቃቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው ይደፋሉ። ያን ዕለት ባርኔጣዋ ዕረፍት አላገኘችም።

"ትምህርት ላይ ናት ብዬ፣ እኔ ሞኙ!" አሉ፣ ወደ ጎን ስበዋት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አጎቴ። መኝታችንን የምታጸዳው ማማ ዋምቡይ ስለ ወለደች ብቻ ከሥራ ተባረረች። አለቆቹ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ እስኪወጡ ካልጠበቅናቸው ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል።"

"እኛ እንግዶች ነን! እንግዳ በሰው ቤት ምን አገባው? አባትሽንስ የበላው እንዲህ ያለ ሰልፍ አይደለም?" ይህችንም እንዳያጡ ፈርተዋል።

ሃረጉ በትሕትና መለሰች። "አባቴን የበሉት የደርግ ወታደሮች ናቸው። የረዳቸው ደግሞ ሰፈሩ በሩን ዘግቶ ዝም ማለቱ ነው። ይህን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው ደፉ። በዚህ መካከል ዝናቡ ዶፉን ለቀቀውና አንዳንዱ ተማሪ ብድግ ማለት ጀመረ።

"አጎቴ፣ የእድሩን ድንኳን ያውሱን! ከተበተንን ማማ ዋምቡይ ሕፃኗን ታቅፋ መቅረቷ ነው።"

"ሰው ሳይሞት የሐዘን ድንኳን? ሟርት ነው! ደንቡም አይፈቅድም።"

"የእድርተኛችሁ የሳኒ እናት ሲሞቱ ሃይማኖታቸውን ጠየቃችሁ? ዘራቸውን ቆጠራችሁ?"

"ምን ነካሽ! ሐዘን ዘር የለውም።"

"ታዲያ ችግር ዘር አለው? ሰው ለመርዳት የግድ እስኪሞት እንጠብቅ?"

ራሱ ባወጣው ደንብ የተረታ ሰው ማኩረፍ ይቀለዋል። አቶ ክፍለማርያም ግን ኩርፊያውን ትተው ከማዶ ካለው ሱቅ ስልክ ደወሉ። የእድሩን ዕቃ የሚጠብቀው ሳኒ፣ የኢስሊ ሰፈሩ ነጋዴ፣ ድንኳኑን በመኪና ጭኖ እያለከለከ ደረሰ።

"ጋሼ፣ ማን ሞተ?"

"ማንም! ይልቅ ካስማውን ምታ!"

"ሃራምቤ!" የሚለው የኬንያውያን የኅብረት ጥሪ ሲሰማ ሁሉም "ኤ!" እያለ ምሰሶውን በአንድነት አነሳው። አለቆቹ ሲወጡ የተበተነ አልነበረም፤ ሽማግሌውም ከፊት ተቀምጠዋል። ማማ ዋምቡይ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ ወደፊትም በመውለዷ የምትባረር ሴት እንዳትኖር አለቆቹ በሕዝብ ፊት ቃል ገቡ። ለቅሶ ብቻ የለመደው ድንኳን የጽዳት ሴቶቹን እልልታ ጠገበ። ሃረጉ አጎቷን አቅፋ አለቀሰች፤ እሳቸውም ዝናቡ ነው እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በእሑዱ የእድር ስብሰባ ዳኛው ተነሱ። "ወገኖቼ፣ እስከ ዛሬ የተደራጀነው ለመቅበር ነበር። አብረን ከቆምን ግን የተባረረ ይመለሳል፣ የታመመ ይታከማል፣ ተማሪ ልጃችንም በደልን ብቻውን አይጋፈጥም። ይህን ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ደንቡ ይሻሻል!"

ሁሉም አጨበጨበ። ሳኒ ብቻ እጁን አወጣ። "ጋሼ፣ ድንኳኑ አንድ ነው። የሞተና የተበደለ በአንድ ቀን ቢገጥሙብንስ?"

"ለተበደለው ይተከል" አሉ አቶ ክፍለማርያም። "እኔው ራሴ ብሆን የሞትኩት፣ ከዚያ ወዲያ ዝናብ አልፈራም።"