ግራ ወንበር

ባለቤቴ ከሞተች ስድስት ወሯ ነው። ከኬንያ ጠቅልለን ስንመጣ ይዘናት የመጣነው አሮጌ መኪና መሪዋ በቀኝ ነው፤ ሌላ መኪና ለመቅደም ግራ ወንበር የተቀመጠ ሰው መንገዱን አይቶ "እለፍ" ሊለኝ ይገባል። የምትለኝ እሷ ነበረች። ከሞተች ወዲህ አንድም መኪና ቀድሜ አላውቅም፤ መስታወቱ ላይ "የሚሸጥ" ብዬ ለጥፌ ነበር።

ትናንት አባቷን፣ መሪጌታን፣ ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር ሳመጣቸው ጭድ የጫነ መኪና ፊታችን ይንፏቀቃል። ልጄ ከኋላ ተኝታለች።

"አስከሬን ነው እንዴ የምንሸኘው?" አሉኝ።

"የኔታ፣ ከዚህ ሆኜ አይታየኝም።"

"እኔስ ምን ልሠራ ተቀመጥሁ?" አንገታቸውን አሰገጉና "እለፍ!" ብለው ጮኹ።

አለፍሁ! ጣና ዳር እስክንደርስ አራት መኪና ቀደምን፤ የኔታ ጥምጣማቸው እስኪፈታ ሳቁ። ቤት ገብተን ልጄን አስተኛሁና ተመልሼ ወጥቼ ወረቀቱን ከመስታወቱ ላጥሁት።